የተሰነጠቀ ሶሌታ በምን ይደፈን?

ሦስት ክረምት ሙሉ እናቴ ማድ ቤት ባልዲ ተቀምጦ ነበር። በየግንቦቱ ሶሌታውን (የኮንክሪት ጣሪያውን) በስሚንቶ እናስደፍናለን። ሐምሌ ሲገባ ከድፍኑ ጎን ፀጉር የምታህል አዲስ መስመር ትወጣለች። ውሃው በእሷ ይወርዳል።

ጥፋቱ የግንበኛው አልነበረም፤ ዕቃውን የመረጥነው እኛ ነን። የጎንደር በጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ኮንክሪት ደግሞ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 10 ሜትር ሶሌታ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። የደረቀ ስሚንቶ ይህን አይችለውም። (የድሮ የኖራ ግንብ ካላችሁማ ጭራሽ ስሚንቶ አታስነኩት። የፋሲል ግቢ ጥገናም ከስሚንቶ ወደ ኖራ ተመልሷል።)

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንጥቁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። በበጋ ጀሶ በጥብጣችሁ ስንጥቁ ላይ በስሱ ለጥፉ፤ ቀኑንም ጻፉበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

ለሚንቀሳቀስ ስንጥቅ የኔ ምርጫ ፖሊዩሪቴን የሚባለው በቱቦ የሚሸጥ መድፈኛ ነው። ከስሚንቶም ከሬንጅም ይወደዳል፤ ግን እንደ ጎማ አብሮ ይሳባል። ዋናው ነገር አሠራሩ ነው። ስንጥቁን በመሮ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፉት። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ፤ በደንብ ይድረቅ። ከሥር የስፖንጅ ገመድ አስገቡና ከላይ የስፋቱን ግማሽ ያህል ጥልቀት በፖሊዩሪቴኑ ሙሉት። ገመዱ ባይኖር ታችም ይጣበቅና ሲሳብ ይቀደዳል።

ሲሊከን ፀሐይን ከሁሉም ይበልጥ ይችላል። ችግሩ አቧራማ ኮንክሪት ላይ በደንብ አይዝም፤ ቀለምም አይቀበልም። በተለይ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ለመስኮትና ለሻወር ቤት ይሁን።

ኢፖክሲ የሁለት ነገር ድብልቅ ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። መንቀሳቀስ ያቆመን ስንጥቅ መልሶ ያጣብቃል። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ኮንክሪቱ አጠገቡ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ወይም ኮለን (ምሰሶ) ላይ ከሆነ እባካችሁ መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው።

ሬንጅ ርካሽ ነው። አፈር ለሚሸፍነው የመሠረት ግድግዳ ጥሩ ነው። ሶሌታ ላይ ፀሐይ ሲመታው ግን ደርቆ እንደ በጋ ዋልካ ይተረተራል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን፣ የኮንክሪት ታንከር ላለን ሰዎች ደግሞ በብሩሽ የሚቀባ ስሚንቶ መሰል ውሃ መከላከያ አለ። ሁለት እጅ ይቀባል። ማሸጊያው ላይ ለመጠጥ ውሃ እንደሚሆን የተጻፈበትን ብቻ ግዙ። ሬንጅ እዚያ አይገባም።

ፖሊዩሪቴን ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ቱቦውንም በጣታችሁ ተጫኑት። ጠንከር ካለ ውስጡ ደርቋልና ተዉት።