ለሆጤው የጀማሪዎች አሰልጣኝ የቀረበ ምስጋና

በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በቴሌቪዥን ብቻ የማውቀውን ታላቁን ሩጫ ዘንድሮ ራሴ አዲስ አበባ ሄጄ ሮጥኩት፤ 10 ኪሎ ሜትሩንም ሳላቋርጥ ጨርሼ በጤና ደሴ ገብቻለሁ። ልጆች አሳድጋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውል የሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ከፈጣሪ ቀጥሎ ምስጋናዬ ጠዋት ጠዋት ሆጤ ስታዲየም አካባቢ ጀማሪዎችን ለሚያሠለጥኑት አባት ይድረሳቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱልኝም፤ እዚያ ደርሳችሁ «የጀማሪዎቹ አሰልጣኝ» ብትሉ ግን የማያሳያችሁ የለም።

እርሳቸውን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። የወር ክፍያ በቅድሚያ የተቀበለኝ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ዕድሜዬንም ሆነ ጤንነቴን ሳይጠይቅ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ከወጣቶች ጋር አሰልፎ እስኪያስመልሰኝ አስሮጠኝ። ቅልጥሜን እንዳመመኝ ስናገር አሠልጣኙ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ካላመመሽ አልሠራሽም ማለት ነው» አለኝ። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብል ሰሚ አጣሁ። «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ በውድ የተሸጠልኝ ጫማም የአውራ ጣቴን ጥፍር አጥቁሮ ሊነቅለው ደርሶ ነበር።

ሆጤ በሄድኩበት ዕለት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። እኚህ አባት ሩጪ አላሉኝም። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና፣ እኔ አፍሬ «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ» እያልኩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ጫማዬን ራሳቸው ፈቱ። ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ ወርደው፣ አንድ ቦታ ላይ ስጮህ ቆም አሉ። «አብሽሪ ልጄ፣ ይህ እግር ዕረፍት ነው የጠማው። ሳምንቱን በዝግታ ትራመጃለሽ፣ ካልተሻለሽ ሐኪም ያየዋል፤ እስክትሮጪ ድረስ ክፍያ የለም» አሉኝ። የጫማዬንም ማሰሪያ በሌላ ዘዴ መልሰው አሰሩልኝ። ምን እንዳደረጉት እስካሁን አልገባኝም፤ ጣቴ ግን ከዚያ ወዲህ አርፏል።

ሩጫውን ሲፈቅዱልኝ ጥቂት እየሮጥን፣ ጥቂት እየተራመድን ነበር የጀመርነው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ትንፋሽ ቶሎ ስለሚያጥር፣ ረጅሙን ሩጫ እሑድ እሑድ ዝቅ ወደምትለውና ሜዳማ ወደሆነችው ኮምቦልቻ ወስደው ያሠሩናል። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ታዲያ በሚኒባስ እንጂ በሩጫ አያስወርዱም፤ ጀማሪን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይጎዳዋል ባይ ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሌላው አሠልጣኝ ከፊተኞቹ ጋር ሲከንፍ፣ እርሳቸው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ጎን መሆናቸው ነው። ለብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ አንድም ቀን ፊታቸው ሲጠቁር አላየሁም።

የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ በተለይም እንደ እኔ «ጊዜዬ አልፏል» የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ እርሳቸው ሂዱ። ክፍያቸው ማንንም አይጎዳም፤ ልምምዱም ከሥራ ሰዓት በፊት ያልቃል። አዲስ ጫማ ግን እርሳቸው ሳያዩት አትግዙ፤ ለጊዜው ቤት ያለውን አድርጋችሁ ሂዱ።