ለጅማ ቤት የሚስማማው ጠባብ ሐዲድ፦ አራት የሞዴል ባቡር ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

ከሥራ በኋላ እጅንና ዓይንን በአንድ ትንሽ ነገር ላይ አሳርፎ ሐሳቡን ማረጋጋት ለሚፈልግ ሰው የጠባብ ሐዲድ ሞዴል ባቡር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ትልቅ ጣቢያ ወይም ሙሉ ከተማ መሥራት ስለማያስፈልግ አንዲት ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ የቡና መጋዘንና ጥቂት ዛፎች ብቻቸውን የተሟላ ትዕይንት ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ዕቃው ጅማ መርካቶ ተደርድሮ የሚሸጥ አይደለም። ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ወይም በፖስታ የሚገባ በመሆኑ፣ ያልተስማማውን መልሶ በሌላ መቀየር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ምርጫው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በደንብ መታሰብ አለበት።

በዛሬው ዓለም መደበኛ የሚባለው የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚያ የሚያንሰው ሁሉ ጠባብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰውና በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር የአንድ ሜትር ሐዲድ ነበረው፤ በኋላ የተሠራው አዲሱ መስመር ግን ባለ 1,435 ነው። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር የተመረጠው በጠበበ ኩርባ መዞር ስለሚችልና ወጪው ስለሚቀንስ ሲሆን፣ ይኸው ጠባይ ሞዴሉን ለቤት ውስጥ ያመቸዋል፤ አጭር ባቡር በጠባብ ኩርባ ላይ ሲሄድ ከተፈጥሮው የወጣ አይመስልም። ጅማ ምድር ባቡር ደርሶላት ስለማያውቅ ሠሪው የማንንም ጣቢያ በትክክል የመቅዳት ግዴታ የለበትም። ከጅረን ተዳፋት ቡና ጭኖ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚወርድ መስመር በምናቡ ቢዘረጋ የሚከለክለው የለም።

ለምርጫ የሚቀርቡት ዋና ዋና ዓይነቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ኤችኦኢ የሚባለው ነው፤ እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ አሳንሶ በ9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ያስኬዳል። እንግሊዞች በዚሁ ሐዲድ ላይ 1 ለ 76 የሆነውን ኦኦ9 ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ኤችኦኤም ነው፤ ማሳነሻው ያው 1 ለ 87 ሆኖ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንድ ሜትሩን መስመር በቅርበት ይወክላል። ሦስተኛው 1 ለ 48 የሆነው ኦኤን30 ሲሆን በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሄዳል። አራተኛው ባለ 45 ሚሊ ሜትሩ ትልቁ ጂ ነው፤ የአንድ ሜትር መስመርን ሲወክል 1 ለ 22.5 ይሆናል።

ብዙ ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቦታ ነው፤ መልሱም ትንሹን የሚያስመርጥ ይመስላል። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ 228 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ስለሚዞር ሙሉ ክቡ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ ይገባል። ባለ 12ቱ በተለምዶ 330 ሚሊ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ስለሚፈልግ ጣውላው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር መስፋት አለበት። ለኦኤን30 አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ሬዲየስ 457 ሚሊ ሜትር ነውና ከአንድ ሜትር ያነሰ ጣውላ አይበቃውም። ጂ ደግሞ በጣም ጠባብ በሚባለው ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ እንኳ የሳሎኑን ወለል ይወስዳል።

እኔ ግን ክቡ ራሱ አስፈላጊ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ያለማቋረጥ የሚዞር ባቡር ልጆችን ያስደስታል፤ ለመረጋጋት የተቀመጠን ትልቅ ሰው ግን ቶሎ ይሰለቸዋል። ከዚህ ይልቅ ከግድግዳ ጋር በተጠጋ ጠባብ መደርደሪያ ላይ የሚሠራ፣ ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ሁለት መቀያየሪያና ሦስት የመቆሚያ መስመር ብቻ ያለው ትዕይንት ለብዙ ምሽት የሚበቃ ሥራ ይሰጣል። እንግሊዞች ኢንግልኑክ የሚሉት የፉርጎ ማደራጀት ጨዋታ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ አንደኛው መስመር አምስት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ፤ ከስምንቱ ፉርጎዎች አምስቱ በዕጣ ይወጡና ሎኮሞቲቯ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደች በወጣው ተራ መሠረት ትደረድራቸዋለች። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ አንድ ዙር ማደራጀት ይበቃል።

ክቡ ከተተወ የቦታው ስሌት ይለወጣል። አምስት ሜትር የምትረዝም ትንሽ ሎኮሞቲቭ በ1 ለ 87 ወደ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በ1 ለ 48 ደግሞ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በ9 ሚሊ ሜትሩ ሙሉው የስምንት ፉርጎ ጨዋታ፣ በኦኤን30 ደግሞ የፉርጎዎቹ ቁጥር ተቀንሶ ሦስት፣ ሁለትና ሁለት የሚይዙ መስመሮች በ120 በ30 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ይገባሉ። በመሆኑም ትንሹን ዓይነት ለቦታ ሲባል ብቻ መግዛት አሳማኝ አይሆንም።

በዝርዝር ሥራ ረገድ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላት ጀበና በ1 ለ 87 ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ስለምትሆን ከእህል ፍሬ ብዙም አትለይም፤ በ1 ለ 48 ስድስት ሚሊ ሜትር ሆና አፏና እጀታዋ ይለያል፤ በ1 ለ 22.5 ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ስለምትደርስ ከጭቃ ልትሠራ ትችላለች። በእንጨት ቅርጽና በበርጩማ ሥራ በታወቀችው ጅማ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከዋንዛ ቁራጭ በቢላ የሚቀረጽ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በ1 ለ 48 በትዕግሥት ይሠራል፤ በ1 ለ 87 ግን አጉሊ መነጽር ይጠይቃል። ዕድሜው ከገፋና ዓይኑ ከደከመ ሰው አንጻር ባለ 9ኙንም ባለ 12ቱንም አልመክርም።

ከሁሉ በላይ ሊመዘን የሚገባው ግን የጅማ አየር ነው፤ ይህ በውጭ አገር የግዢ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነሳም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብበትና ዝናቡ ለብዙ ወራት በሚዘልቅበት ከተማ ብረት ይዝጋል፣ ጣውላ ይጣመማል፣ ጀሶም ቶሎ አይደርቅም። ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ከሐዲዱ በብረት ጎማው በኩል ስለሆነ በሐዲዱ ላይ የሚፈጠር ቀጭን ሽፋን ባቡሩን ያስቆመዋል። ከተራ ብረት የተሠራ ሐዲድ በርካሽ ቢገኝም መግዛት አይገባም። በጂ ሐዲዶች ላይ የተለመደው ናስ አይዝግም፤ ነገር ግን ገጽታው ሲጠቁር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ደጋግሞ ማጽዳት ይጠይቃል። የሚሻለው ኒኬል ሲልቨር ሲሆን፣ ስሙ ብር ቢያስመስለውም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ በሦስቱ ትናንሽ ዓይነቶች ይህን ማግኘት ቀላል ነው። ማጽጃው ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ነው። የብረት ሱፍ ግን ፈጽሞ መጠቀም አይገባም፤ ብጥስጣሹ ወደ ሞተሩ ማግኔት ተስቦ ይገባል።

እዚህ ላይ ትልቁ ከትንሹ ይበልጣል። የኦኤን30 ሎኮሞቲቭ ከ9 ሚሊ ሜትሩ የበለጠ ክብደት ስላላት ጎማዋ ሐዲዱን አጥብቆ ይነካል፤ በመሆኑም በትንሽ ቆሻሻ አትቆምም፣ ቀስ ብላም ትሄዳለች። ባለ 9ኙ ቀላልና አጭር በመሆኑ በተለይ በመቀያየሪያው ላይ ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ቁራጭ ፕላስቲክ ከሆነ ባለ አራት ጎማዋ ሎኮሞቲቭ ኃይል አጥታ ትቆማለች። ስለዚህ ባለ 9ኙን የሚመርጥ ሰው ያ ቁራጭ ብረት የሆነበትንና ኃይል የሚያገኘውን መቀያየሪያ ለይቶ ይግዛ። ለመረጋጋት የተቀመጠ ሰው ባቡሩን በየደቂቃው በጣቱ መግፋት ካለበት መረጋጋቱ ይቀራል።

ኤችኦኤምን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የአንድ ሜትሩን የጅቡቲ መስመር በትክክለኛ ምጥጥን ለመሥራት ለሚጓጓ ሰው ተገቢው እርሱ ነው፤ ነገር ግን በገበያ የሚገኘው አብዛኛው የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡር ሲሆን ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ጂም እንዲሁ ግቢ ላለውና በባትሪና በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ማስኬድ ለሚፈልግ ካልሆነ በስተቀር ለሻንጣ ከባድ፣ ለሳሎንም ሰፊ ነው።

የእኔ ምርጫ ኦኤን30 ነው። ሐዲዱ በዓለም እጅግ ከተሰራጨው፣ መደበኛውን ሐዲድ በ1 ለ 87 ከሚወክለው ከኤችኦ ጋር አንድ ዓይነት ስፋት ስላለው መለዋወጫና ያገለገለ ሐዲድ ማግኘት ይቀላል፤ ምንም እንኳ ለኤችኦ በተሠራው ሐዲድ ላይ አግዳሚ እንጨቶቹ ለ1 ለ 48 ያነሱና የተቀራረቡ ቢሆኑም በአፈርና በሣር ሲሸፈኑ ብዙም አይታዩም። ቦታው ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ተከራይና ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ወጣት ግን ኤችኦኢን ቢይዝ አይከፋም።

የትዕይንቱ ማስዋቢያ በአብዛኛው ከጅማ ይገኛል። ቀዩ አፈር ተነፍቶና በምጣድ ተቆልቶ ጥሩ መሬት ይሆናል፤ ከመበተኑ በፊት ግን ማግኔት በላስቲክ ጠቅልሎ ማሳለፍ ይገባል፣ ምክንያቱም ብረት አዘል ቅንጣት ካለበት እንደ ብረት ሱፉ ሞተር ውስጥ ይገባል። የቡና አተላም ለጫካ ወለል ይሆናል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን በክረምት ይሻግታል። ጣውላው በላይም በታችም ቀለም ከተቀባ እርጥበት በአንድ ወገን ገብቶ አያጣምመውም።

ከመክፈል በፊት የመጨረሻው ምርመራ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት፣ ከጃፓን የሚመጣው ደግሞ ለ100 ቮልት የተሠራ በመሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ የኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር አብሮ መግዛት ወይም ከአውሮፓ የመጣውን መምረጥ ያስፈልጋል። ለአንዲት ሎኮሞቲቭ ዲጂታል መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። ከትራንስፎርመሩ ተነጥሎ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚሠራ ቀላል መቆጣጠሪያ ከተገኘ ግን እርሱን ማስቀደም ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ከሶላር ወይም ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር ተገናኝቶ ሥራውን ይቀጥላል።