መብራት ሲመለስ ብቻውን የማይነሳ ግራይንደር፦ ከወራት ሥራ በኋላ

ይህን ግራይንደር፣ ማለትም በሚዞር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ የእጅ ማሽን፣ የገዛሁት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። አሁን በጋው ተጋምሷል፤ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የዋለበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት የምንሠራበት አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። ቱቦላሬውም (ውስጡ ክፍት ብረት)፣ አንጎላሬውም (ማዕዘን ብረት)፣ ላሜራውም (ዝርግ ብረት) እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። ማርኩን አልጠራም። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ማሽኖች በብዙ ስም ይሸጣሉ፤ ልጽፍ የፈለግሁትም ስለ አሠራሩ ነው።

በቁጥር ሲታይ የተለየ ነገር የለውም። 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይይዛል፤ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ጉልበቱም ከሌሎቹ ብዙ አይበልጥም። ዋጋው ግን ከተለመደው እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያን ያህል የከፈልኩት ለማብሪያው ነው። የተለመደውን ግራይንደር በአውራ ጣት ወደ ፊት ትገፉታላችሁ፣ ቀጭ ይላል፣ እዚያው ይቀራል። የዚህኛው ማብሪያ ከሆዱ ሥር ያለ ረጅም መጭመቂያ ነው። እስከጨበጣችሁት ድረስ ይሠራል። ስትለቁት ይጠፋል። ሌላም ነገር አለው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ መጭመቂያውን ለቃችሁ እንደገና ካልጨበጣችሁት አይነሳም።

እኛ ሰፈር ይህ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲሄድ ሰው ምን ያደርጋል? ግራይንደሩን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። ማብሪያው እንደበራ ነው። ማንም ልብ አይለውም፤ ድምፅ የለውማ። አሮጌው ግራይንደራችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ደጅ ቁጭ ብለን ገና ቶናው ሳይቀዳ መብራት መጣ። ማሽኑ ከጠረጴዛው ዘለለ፣ ሲሚንቶው ላይ እንደተረገጠ እባብ ሲወራጭ ቆይቶ የራሱን ገመድ ቆርጦ ቆመ። ሁላችንም ውጭ ስለነበርን የተጎዳ የለም። አዲሱን ለመግዛት የወሰንኩት በዚያው ሳምንት ነው።

መጭመቂያውን መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ረጅም ላሜራ ሲቆረጥ ጣት ይዝላል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ መጭመቂያውን ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥፍር አድርጎ አስሮት አገኘሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ጣቴ ሊገነጠል ነው። በዚያ ላይ ሥራው ይፈጥናል።»

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጣት ያማል፣ እውነቱን ነው። ግን ላስቲኩ ከታሰረ ማሽኑ ከእጅ ሲያመልጥ የሚያቆመው የለም፤ ያ ሁሉ ብርም ውሃ በላው ማለት ነው። ላስቲኩን ፈታሁና ሥራውን ለሁለት ማሽን ከፋፈልኩት። እኩል ርዝመት ያለው ቱቦላሬና ፌሮ አሁን የሚቆረጠው መሬት ላይ በሚቀመጠው ትልቁ መቁረጫ ነው። ብረቱ ይታሰራል፣ ዲስኩ ከላይ ይወርድበታል፣ የማንም ጣት አይደክምም። ግራይንደሩ የሚነሳው ለመሞረድና ትልቁ መቁረጫ ለማይደርስበት ቦታ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣት ያማረረ የለም።

የዲስኩን መከለያ በጣም ወድጄዋለሁ። ያለ ቁልፍ ይዞራል፤ ፍንጣሪው ሰው ላይ እንዳይሄድ አቅጣጫውን በቅጽበት ትቀይራላችሁ። ጨርሶ መፍታት ግን ያስቸግራል፤ እሰየው ነው። እዚህም ደሴም በማውቃቸው ብረት ቤቶች ውስጥ መከለያ ያለው ትንሽ ግራይንደር ብርቅ ነው። ምክንያቱ ቁጠባ ነው። የትልቁ ግራይንደር 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲያጥር አይጣልም፤ ትንሹ ላይ ይገጠማል። የሁለቱም የመሃል ቀዳዳ እኩል ነው፤ 22.23 ሚሊ ሜትር። መከለያው አላስገባ ስለሚል ይፈታል።

እስቲ እናስላው። ባለ 230ው ዲስክ ላይ በደቂቃ 6,600 ዙር ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ፍጥነት ጠርዙ በሰከንድ ወደ 80 ሜትር ይሮጣል፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የተፈቀደለት እስከዚያ ነው። ትንሹ ማሽን ግን 11,000 ያዞረዋል። ወደ 180 ሚሊ ሜትር ያጠረ ዲስክ እዚያ ላይ ሲገጠም ጠርዙ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይበራል። ጎረቤታችን ካለ ቤት አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ዲስክ ገጥሞ ሲቆርጥ ፈነዳበት። አንዱ ስባሪ ጭኑን ቀደደው፤ ሌላው የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ለሕክምናው የወጣው ብር ስንት ካርቶን ዲስክ እንደሚገዛ አስቡት።

ስለ ዲስክ ካነሳን፣ ስትገዙ መሃሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት አንብቡ። ወርና ዓመት ተጽፎበታል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራበትም። ዲስኩን የሚያያይዘው ሙጫ በዕድሜና በእርጥበት ይደክማል። ክረምቱን መጋዘን ውስጥ የከረመ ካርቶን «በቅናሽ ውሰድ» ስትባሉ ቀለበቷን እዩ። ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ስስ መቁረጫ በጎኑ ለመሞረድ አይሆንም፤ ይሰበራል። አዲስ ዲስክ ስንገጥም ፊቱን ከሰው አዙረን ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን እናዞረዋለን።

አሁን የማልወድለትን ልናገር። ስትለቁት ኃይሉ ይቋረጣል እንጂ ዲስኩ ወዲያው አይቆምም፤ ፍሬን የለውም። ጥቂት ሰከንድ ይዞራል፤ ልጆቹ ሊያስቀምጡት ሲቸኩሉ ጠረጴዛውን ይቧጥጠዋል። ፍሬን ያላቸውም አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ከዚህ የባሰው የብረት ብናኙ ነው። መጭመቂያው ሥር ይገባና ያደርቀዋል። አንድ ሰሞን ሳይጸዳ ቆይቶ፣ ሲለቁት እንኳ ቶሎ አልመለስ ይል ጀመር። ማሽኑን የገዛሁት ለዚያው መጭመቂያ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ለአቧራ ማጋለጣቸው አልገባኝም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶኬት ነቅለን በኮምፕረሰር እናራግፈዋለን። ማታ ማታ ኃይል ሲወርድ ደግሞ ለመነሳት ያመነታል። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቆ ቀይሬያለሁ፤ እሱ ኮምቦልቻም ይገኛል። ማብሪያውን ግን ለመጠባበቂያ ብዬ እዚህም ደሴም ጠይቄ አጣሁ፤ ከመርካቶ ማስመጣት ሊኖርብኝ ነው። የሸጠኝ ሰው «መለዋወጫ ሞልቷል» ብሎኝ ነበር። ይሁን።

ማሽኑ የማይፈታው ነገርም አለ። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ሽርጥ አገልድሞ የሚሠራ አይጠፋም። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱ ስካርፍ ያስጠመጥማል። ሁለቱም ለዲስክና ለሽቦ ብሩሽ የተመቹ ናቸው፤ ጫፋቸው ከተያዘ ማሽኑን ጎትተው ሰውነት ላይ ያመጡታል። እኛ ቤት ሽርጥ ለሶላትና ለቡና ነው፤ ለማሽን ሱሪ። የፀሐይ መነጽርም ዓይን አያድንም፤ ጎኑ ክፍት ነው። ብናኝ ዓይን ውስጥ ሲገባ በክብሪት እንጨት «ና ላውጣልህ» የሚል ጓደኛ ሞልቷል። እምቢ በሉት። ብረት ዓይን ላይ ሲቆይ ይዝጋል፤ ዝገቱም እዚያው ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በዓይን ሕክምናውም የታወቀ ነው።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፦ ብቻውን ቀኑን ሙሉ ሲሞርድ ለሚውል ሰው እጅ ያደክማል። እሱ በተለመደው ባለ መግፊያ ማብሪያ ይሥራ፤ ግን መብራት ሲመለስ ብቻውን የማይነሳውን ዓይነት ይምረጥ። ተለማማጅ ልጆች ላሉበት ቤት ከሆነ ባለ መጭመቂያው ይሻላል፤ እኔ ከእንግዲህ ሌላ አላስገባም። ሱቅ ስትሄዱ በወሬ አትግዙ። ዲስክ ሳይገጠምበት ሰኩት። ጨብጣችሁ አስነሱት። ሳትለቁት ባለ ሱቁ ከሶኬቱ ነቅሎ መልሶ ይሰካው። እጃችሁ ላይ ከተነሳ መልሱለትና ሌላ ጠይቁት።