የንግድ ሥራ ሦስተኛ ዲግሪ፦ ከፍሎ መማር፣ አገር ውስጥ መማር ወይስ እየተከፈሉ መማር?

ባለፈው ሳምንት ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ካለ ሻይ ቤት አስቀምጦ ስልኩን ዘረጋልኝ። «መምህር፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ነገ ላስገባ ነው፤ እስኪ አንዴ ይዩልኝ» አለ። ማስታወቂያው ላይ ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች ይታያሉ፤ ከሥራቸው «የንግድ አስተዳደር ዶክትሬት በ18 ወራት፣ ያለ መግቢያ ፈተና፣ በሦስት ጊዜ ክፍያ» ይላል። በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ስድስተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ወዴት እንደማዳላ ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ በንግድ ሥራ ሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ሊከፈለው ይገባል እንጂ ሊከፍል አይገባም። ይህን ያወቅሁት 165,000 ብር ካጣሁ በኋላ ነው።

በጥር 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ ወኪል በኩል በአንድ የውጭ «ተቋም» የዲቢኤ (የንግድ አስተዳደር ዶክትሬት) ትምህርት ተመዘገብኩ። ዋጋው 4,500 ዶላር ሲሆን በሦስት ተከፍሎ በየጊዜው 1,500 ዶላር በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ በብር እከፍላለሁ። የመጀመሪያው 81,000 ብር ገደማ፣ የሁለተኛው ዓመት 84,000 ብር ገደማ ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ወኪሉ ሲደውልልኝ የመጨረሻው ክፍያ ብቻውን የፊተኞቹን የሁለቱን ድምር አክሎ ነበር። ውሉን አውጥቼ ደግሜ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ዋጋው በዶላር የታሰረ፣ የተከፈለው የማይመለስ፣ ምንዛሪው ቢንር ደግሞ ተጠያቂ የሌለው ውል ፈርሜያለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የባሰው ሌላ ነው። የውጭ ዲግሪ እዚህ አገር ለሥራ እንዲያገለግል በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል፤ ለዚያም ተቋሙ በራሱ አገር እውቅና ያለው መሆን አለበት። እኔ የተመዘገብኩበት አልነበረውም። ወኪሉ ያሳየኝ የእውቅና ወረቀት የተሰጠው ከሌላ «ምክር ቤት» ነበር፤ ሁለቱን አድራሻዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እስከ ክፍል ቁጥራቸው አንድ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ያጋለጠው የካራቺው አክሳክት ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ሲሸጥ፣ እውቅና ሰጪ የሚባሉትንም ራሱ ፈጥሮ ነበር። ይህን የማውቀው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን በዚያ ዓይን አየው ነበር።

በእኛ አገር በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ሳይጨብጥ፣ ወገቡን ሳይዳስስ ብር አይቆጥርም። ለዲግሪም መዳሰሻ አለው፤ ምንም አያስከፍልም። ትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ከሆነ እውቅና ሰጪው አካል በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ወይም በከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት ዝርዝር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ በድረ ገጻቸው ይታያል። የንግድ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የንግድ ትምህርት ቤቶች እውቅና ሰጪ ኤኤሲኤስቢ የእውቅና ዝርዝሩን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ስሙን መፈለግ ያለባችሁ በእውቅና ሰጪው ገጽ ላይ ነው፤ ወኪሉ የላከው ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ዲቢኤ የሚሰጡ ጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ነገር ግን የተዘጋጁት አሠሪ ድርጅት ለሚከፍልላቸው ሥራ አስኪያጆች ነው፤ ዋጋቸውም ለመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም።

አገር ውስጥ መማር ክቡር አማራጭ ነው። በዩኒቨርሲቲ መምህርነት የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊማር ይችላል፤ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍና የትምህርት ክፍሉን ምዘና መወጣት ይጠበቅበታል። ወላጅ የሚጦር፣ ልጆቹን ትቶ መሄድ የማይችል ሰው ይህን ቢመርጥ አልከራከረውም። ዋጋው ግን ነፃ እንዳይመስላችሁ። የአገልግሎት ግዴታ ውሉ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሆነላችሁ ጎረቤት እናንተ ብታቋርጡ የሚጠየቅበትን ገንዘብ አስቀድሞ በቁጥር ይወቀው። በአራት ዓመት ያልቃል የተባለው ትምህርት አማካሪ በማጣትና መረጃ በማሰባሰብ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲፈጅ አይቻለሁ። መመረቂያው ሲቃረብ «በሁለት ሳምንት እናትምላችኋለን» የሚሉ ገንዘብ ሰብሳቢ መጽሔቶች በኢሜይል ይመጣሉ። እነርሱም ወኪሌ የሸጠልኝ ዓይነት ዕቃ ናቸው።

አሁን ወደማዳላበት ልምጣ። ቢሮ የምትጋራኝ የሂሳብ አያያዝ መምህርት ያመለከተችው እኔ ሁለተኛውን ክፍያ በከፈልኩበት ሰሞን ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚገኙ ደህና የንግድ ትምህርት ቤቶች ፒኤችዲ ማለት በመሠረቱ ሥራ ነው። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በምርምርና በማስተማር ረዳትነት አበል ይከፈላል፤ ብዙውን ጊዜ አበሉ በዓመት ከ25,000 እስከ 45,000 ዶላር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጊዜው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ብዙዎቹ ሁለተኛ ዲግሪ እንኳ በግዴታ አይጠይቁም። በአንድ የትምህርት መስክ በዓመት የሚቀበሉት ግን ጥቂት ሰዎችን፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ብቻ ስለሆነ ውድድሩ ከባድ ነው።

ወጪዋን ከደብተሯ ላይ ገልብጫለሁ። ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚጠየቀው የጂአርኢ ፈተና 220 ዶላር። ስድስት ቦታ አመለከተች፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የፕሮግራም አስተባባሪ የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሣላት አጭር ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስቱ አነሡላት፤ ለቀሩት 300 ዶላር ወጣ። ለእንግሊዝኛ ፈተና ምንም አላወጣችም፤ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ እንደተከታተለች የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ብቻ መርጣለች። እስከዚህ 520 ዶላር ነው፤ በወቅቱ ምንዛሪ 30,000 ብር አይሞላም። ከተቀበሏት በኋላ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350፣ የቪዛ 185። በድምሩ 1,055 ዶላር፤ የእኔ አንድ ጊዜ ክፍያ 1,500 ነበር። ዛሬ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ የቪዛ ክፍያና ደንብም ስለሚለዋወጥ ገንዘቡን ከመላክ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ የአውሮፕላን ትኬትና የመጀመሪያው የቤት ኪራይ አለ። ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም፦ አበሉ የሚጀምረው ከደረሱ ከሳምንታት በኋላ ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተነሥታ የመጀመሪያው ክፍያ የገባላት መስከረም ማለቂያ ላይ ነበር። ያሻገራት እቁቡ ነው፤ ሰብሳቢው አባላቱን አስፈቅዶ ያለ ዕጣ ቀዳሚውን ለእርሷ ሰጠ።

ነፃ ዕድል የሚባለውም ቢሆን እኩል አይደለም። የተቀባይነት ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ይጠየቁ። አበሉ የዘጠኝ ወር ነው ወይስ የአሥራ ሁለት? የጤና መድኅኑን ማን ይከፍላል? የትምህርት ክፍያ ቢነሣም በየሴሚስተሩ የሚጠየቅ «የተማሪ አገልግሎት» ክፍያ ስንት ነው? ባልደረባዬ ሁለት ቦታ ተቀብለዋት ነበር፤ በስም የሚበልጠው ትምህርት ቤት የዘጠኝ ወር አበል እየሰጠ ክፍያዎቹን ለተማሪው ስለሚተው፣ ተቀንሶ ሲታይ በዓመት ከሌላው በብዙ ሺህ ዶላር ያንስ ነበር። ሌላውን ያዘች። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት የፈረሙ ተቋማት የገንዘብ ድጋፍ ያቀረቡለትን ሰው ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ አያስገድዱም፤ ስለዚህ «ዛሬውኑ ወስኑ» ለሚል ግፊት አትደናገጡ።

ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሠራተኛ ቀጥረው ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ማስታወቂያው እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል። ሁለተኛ ዲግሪ ላለውና የጠራ የምርምር ጥያቄ ለያዘ ሰው ከአሜሪካው እኩል አየዋለሁ። የቻይና መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ለዶክትሬት በወር 3,500 ዩዋን፣ ማደሪያና የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ይህም ከተከፈለበት ዲቢኤ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስለ ወረቀትና ስለ ፈተና ዝግጅት የተማርኩትን ልጨምር፤ እኔም ዘንድሮ በዚሁ መንገድ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነውና። በላቲን ፊደል የአያቴ ስም በዲግሪዬና በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል ይለያል። ይህን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ፤ የጂአርኢ ፈተና ደግሞ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ካልተስማማ አያስገባም። ዛሬውኑ ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ተመልከቱ። ፈተናውን ቤት ሆኖ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ፈተና ላይ 220 ዶላር አላስይዝም። ከዋዜማው ሄጄ አዲስ አበባ ማዕከል ተፈተንኩ። በፈተናው ቀን ውጤት በነፃ የሚላክላቸውን አራት ትምህርት ቤቶች መምረጥ ይቻላል፤ ስማቸውን በቃል ይዛችሁ ግቡ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በክፍያ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠውን የዓላማ መግለጫ (ለምን መማር እንደምትፈልጉ ከማመልከቻው ጋር የምትጽፉት) ናሙና አትግዙ። ተማሪዎቼ ካመጡልኝ አራት መግለጫዎች ሦስቱ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ ነበር። የባልደረባዬ መግለጫ የሚጀምረው የደብረ ብርሃን የበግ ነጋዴዎች ያለ ደረሰኝ የዱቤ ሂሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ በመተረክ ነበር፤ በዚያ ጉዳይ ላይ የሚመራመሩ ሁለት ፕሮፌሰሮችንም ሥራቸውን አንብባ ጠቅሳለች። ይህን ያስገባችው የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል በተቋረጠበት ዓመት ነው፤ ማታ ማታ ጋቢ ደርባ ከቢሮው መስመር እየላከች። የማመልከቻ መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር ማለቂያ እስከ ጥር መጀመሪያ ስለሆነ ደጋፊ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን በመስከረም ያዙ።

የመሐል ሜዳው ልጅ ገንዘቡን አላስገባም። ትናንት ከሥራ በኋላ የአምስት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በደብተር ጽፎ መጣ። ሁለቱ የሚረዱት ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስለሆነ ሰረዝናቸው፤ ለቀሩት ሦስቱ የክፍያ ይነሣልኝ ደብዳቤውን አብረን ጀመርን።