ሐዋሳ ላይ የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ ገብቼ ቀብር አመለጠኝ

ባለፈው ጥር ለእህቴ ሠርግ ከቶሮንቶ ወደ ሐዋሳ መጥቼ በነበረበት ጊዜ፣ ስለ ማረፊያዬም ሆነ አሞራ ገደል ስለበላነው ዓሣ የማነሣው ቅሬታ የለኝም። ይህን የምጽፈው የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ ስለገባሁበት አንድ የውበት ሳሎን ነው።

በመልሱ ማግስት የእናቴ የረጅም ዘመን ጎረቤት ዐረፉ። ለሠርጉ የተቀባሁትን ደማቅ ቀይ ቀለም ይዤ ለቅሶ መድረስ ነውር ስለሆነብኝ፣ ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎኑ ደረስኩ። «ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ 200 ብር ነው» ተባልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተቀመጥኩ በኋላ የመጣችው ልጅ ቀኝ እጄን ሳታጋምስ አሴቶኑ አለቀ። ሊገዛ የተላከው ልጅ እስኪመለስ ሌላ አርባ ደቂቃ አለፈ። በዚህ መሐል «ጊዜ እንዳይሄድብሽ» ብላ በብረት መፋቅ ጀመረች፤ «ተይው» እያልኳት የሌባ ጣቴ ጥፍር መሐሉ ላይ ተላጠና ነጭ ጭረት ወጣበት። የሁለቱ እጆቼ ሲያልቅ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ሒሳቡም 600 ብር። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ከውጭ ለሚመጡ ዋጋው ይለያል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ቶሮንቶ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለማየው ክርክሩ ራሱ አሳፈረኝ፤ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሎ ያስጨብጡኝ የነበሩትን እናት ሳልቀብር ቀረሁ።

የእግሬን ሳላስነካ ወጥቼ ነበርና ማታ የአክስቴ ልጅ ያለ አሴቶን አስለቀቀችልኝ። ያደረገችው ይህን ነው፦ ርካሽ የጥፍር ቀለም አምጥታ በአሮጌው ላይ ወፈር አድርጋ ቀባች፤ እስከ ዐሥር ቆጥራ፣ ሳይደርቅ፣ በጥጥ ጫን ብላ ከሥሩ ወደ ጫፉ ጠረገችው። አዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ተንኖ ሳያልቅ የደረቀውን ስለሚያለሰልሰው ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። ሁሉንም ጣቶች አንድ ላይ መቀባት ግን አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ይደርቃልና አንድ በአንድ መሄድ ያስፈልጋል። ቀዩ ሦስት ዙር ፈጀ። ጥጉ ላይ የቀረውን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮል ጥጥ ነክራ፣ ጥቂት ደቂቃ ጥፍሩ ላይ አቆይታ አጸዳችው፤ አልኮሉ እሳት ይስባልና የቡናውን ከሰል አስቀድማ አስወጥታ ነበር። በመጨረሻም እግሬን ታጥቤ ቫዝሊን ተቀባሁ። አክስቴ ሎሚና አቼቶ ይበቃል ብላ ነበር፤ እነርሱ ግን ቀለሙን የማሟሟት ኃይል የላቸውም።

በመብራት የሚደርቀውን ጄል የተቀባችሁ እህቶች በዚህ መንገድ አትድከሙ፤ እርሱ በአዲስ ቀለምም በአልኮልም አይለቅም፤ በጥፍር ከተላጠ ደግሞ የጥፍሩን ሽፋን ይዞ ይነሣል። ለእርሱ ወደ ባለሙያ መሄድ ይሻላልና ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋውን ቁርጥ አድርጉ፤ ማስለቀቂያው መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ።

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። የጎረቤታችን ዐርባ የወጣ ዕለት ቶሮንቶ ሆኜ ሻማ ሳበራ፣ ጭረቱ ገና ከጥፍሬ ጫፍ አልደረሰም ነበር።