ኤፕሰን ቪ600 ስካነር፦ የዘማች ፎቶ ለሚመረምር ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ፎቶ ለማሳመር የሚያቀርባቸው ምርጫዎች ለሠርግ አልበም ይሆናሉ፤ በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ፣ የት እና መቼ እንደተነሣ ለሚፈልግ ሰው ግን ማስረጃ ያጠፋሉ። እነሱን ዘግቶ ለሚሠራበት ጥሩ ዕቃ ነው።

ኤፕሰን ስካን በተባለው የስካነሩ ፕሮግራም ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፕሮፌሽናል ሞድ ይግቡ። አንሻርፕ ማስክ (ምስል ማሳያ ጠርዝ ማጉያ)፣ ደስት ሪሙቫል (አቧራ ማጥፊያ)፣ ከለር ሪስቶሬሽን (ቀለም መመለሻ) እና ዲጂታል አይስ (ብናኝና ጭረት ማጥፊያ) ሁሉም ይጥፉ። አቧራ ማጥፊያው ብናኝንና በእርሳስ የተደረገ ነጥብን አይለይም። ዲጂታል አይስ ፊልም ላይ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው ብር ብርሃኑን ስለሚጋርደው ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ፋይሉ በቲፍ፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በ48 ቢት ከለር ይቀመጥ። ጄፔግ ለዘመድ መላኪያ ይበቃል።

ስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበብ የነጥብ ብዛት)? የቃኘው ዘማች ፎቶ እንውሰድ። ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ የተዋጋው ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ስለሆነ፣ ክንድ ላይ መፈለግ ያለበት የክፍለ ጦሩ ምልክት ነው፦ ቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት። 6 በ9 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፎቶ ላይ ሰውየው ከራስ እስከ እግር 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢይዝ፣ ምልክቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በ300 ዲፒአይ ይህ 28 ፒክስል ገደማ ነው፤ ማለትም ጥቁር ጠብታ። በ1200 ግን ወደ 110 ይደርሳል። ችግሩ እዚህ አያበቃም፤ ቀይ ቀለም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ቀይን በማያይ ፊልም ላይ ደግሞ ከጥቁሩ ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ ስካነሩ በራሱ የሚመርጠውን የብርሃን ልክ አይመኑ፤ ጥላውን ይቆርጠዋል። ሂስቶግራሙን (የጥላና የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ከፍተው የጥቁሩን ወሰን ወደ ግራ ይግፉ፤ የአሸዋ ሰዓቱ ካለ የሚወጣው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 6400 ዲፒአይ ለማስታወቂያ ነው። በተግባር ፊልም ላይ የሚወጣው ዝርዝር ከዚያ በጣም ያንሳል፤ 3200 ይበቃል። የ120 ፊልም መያዣ አብሮ መምጣቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የዚያ ዘመን ካሜራ ብዙው በዚህ ፊልም ይሠራ ነበር። መያዣው ከፍታው ስለማይስተካከል የተጠቀለለ ኔጌቲቭ መሀሉ ይደበዝዛል፤ አስቀድሞ ንጹሕ ወረቀት መሀል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ መጫን ነው። የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ታች ይሁን። የጠመንጃው መቀርቀሪያ በግራ በኩል ከታየ ፊልሙ ተገልብጧል። ተጣብቆ የሚወዛ፣ ቢጫ የመታ አሮጌ ፊልም ናይትሬት ሊሆን ስለሚችልና ቶሎ ስለሚቀጣጠል ከሌላው ለይተው ያስቀምጡት።

ጀርባውንም ስካን ሳያደርጉ ፎቶውን አይመልሱ። ወደ ቡናማ የደበዘዘ ቀለም ጂምፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የሰማያዊውን ቻናል ብቻ ሲከፍቱ ጎልቶ ይነበባል። እርሳስ ተጭኖ የተወው ስርጉድ ግን ለስካነር አይሆንም፤ የእጅ ባትሪ በአግድም አብርቶ በስልክ ማንሳት ይሻላል። ቀን ሲነበብ አቆጣጠሩ ይጣራ፦ በአማርኛ “1928” ከተባለ ጣሊያን የወረረበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ መስከረም 1935 ይጀምራል። በጣሊያንኛ “አኖ 14” በሮማ ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 በፈረንጅ።

ስካነሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ወረቀቱ የዘመኑ ነው ወይስ በኋላ የታተመ? ለዚህ 365 ናኖ ሜትር የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይግዙ። በጨለማ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ወረቀት ማንጪያ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል ፎቶ ወረቀት ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1950ዎቹ አካባቢ ስለሆነ፣ የማይጨው ዘመን የተባለ ፎቶ ካበራ ኋላ የታተመ ነው። አለማብራቱ ግን ብቻውን ዕድሜ አያረጋግጥም።

ኔጌቲቭ ለሌለውና ፎቶዎቹ ዝርግ ለሆኑለት ሰው ቪ600 ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ቀጭኖቹ በዩኤስቢ የሚሠሩ ስካነሮች 1200 ዲፒአይ ያወጣሉ። እነሱ ግን ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛሉ፤ የታጠፈ ፎቶ ወይም ጥቁር ወረቀት ላይ የተለጠፈ አልበም ያለው ሰው ገንዘቡን ቪ600 ላይ ያውለው፤ አልበሙም ሳይላጥ ይቅር።