ኢንቨርተሩስ አይታማም፤ ያስቸገረን ዋይፋዩ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር ከጄኔሬተር ጩኸትና ከነዳጅ ወረፋ ለመገላገል ስንል ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የሶላርን፣ የባትሪንና የመስመርን ኃይል አቀናጅቶ ለቤት የሚሰጥ መሣሪያ) ከሊቲየም ባትሪና ከጣሪያ ሶላር ፓነሎች ጋር ካስገጠምን ስምንት ወር ሆነን። ኢንቨርተሩ ራሱ አይታማም፤ መብራት ሲጠፋ እኛ የምናውቀው ጎረቤት ሲጨልም ነው። ይህን ግምገማ ያጻፈኝ ግን ከሥሩ የተሰካችው ጣት የምታህል የዋይፋይ ዶንግል ናት፤ ሻጩ «ስልክዎ ላይ ሆነው ሁሉን ይከታተላሉ» ያለን እርሷን ተማምኖ ነበርና።

ዶንግሏ መጀመሪያ የራሷን ዋይፋይ ትለቃለች። ስሙ «ኤፒ» ብሎ ይጀምርና በመለያ ቁጥሯ ያበቃል። ስልክን ከዚህ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ፣ በመተግበሪያው ወይም በብራውዘር 10.10.100.254 የሚለውን አድራሻ ከፍቶ የቤቱን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መረጃውን በራውተሩ በኩል በየ5 ደቂቃው ወደ አምራቹ ሰርቨር ትልካለች። ሲነገር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኛን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስልኬ የዶንግሏ ዋይፋይ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ እየተመለሰ ገጹ አልከፈት አለ፤ ዳታውን ሳጠፋ ተከፈተ። ቀጥሎ ከዋይፋዮቹ ዝርዝር ውስጥ የእኛን ፈልጌ አጣሁት። ልጄ የቤታችንን ዋይፋይ በአማርኛ ፊደል «ቡና ቤት» ብላ ሰይማው ስለነበር ዶንግሏ ፊደሉን ማንበብ አቅቷት የጥያቄ ምልክት ደርድራበታለች። ስሙን በላቲን ፊደል ቀየርነው (ልጄ እስካሁን ቅር እንዳላት ነው)። ያም ሆኖ የይለፍ ቃሉን ስሰጣት ተሳስተሃል እንኳ ሳትል መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ዝም አለች።

የዝምታዋ ምክንያት የተገኘው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ዶንግሏ የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ሲሆን የእኛ ራውተር ግን 2.4ንም 5ንም በአንድ ስም ይለቅ ነበር። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተን ሁለቱን በተለያየ ስም ስንለያቸው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተገናኘች። ይህን የሚያህል ነገር በመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል መጻፉን ያየሁት ከተገናኘች በኋላ ነው፤ ለዚህ አምራቹን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ኢንቨርተሩ ከደረጃ ሥር፣ ራውተሩ ፎቅ ላይ፣ በመካከላቸው የአርማታ ሶሌታ በመሆኑም ግንኙነቱ ይቆራረጥ ነበር፤ ደረጃው መሃል ላይ የዋይፋይ ማጠናከሪያ ከሰካን ወዲህ ተስተካክሏል። ራውተሩንም ማጠናከሪያውንም ባትሪው በሚያበራው መስመር ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መብራት ሲሄድ፣ የባትሪውን መጠን ለማየት በምንቸኩልበት ሰዓት፣ መተግበሪያው የሚያሳየው ያረጀ ቁጥር ነው። ኢንቨርተሩ ግን ያለ ዋይፋይም ሥራውን አያስተጓጉልም።

የመተግበሪያው ሥዕላዊ መግለጫ ሲከፈት ደግሞ ፀሐይ በጣም የበረታችው 17 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑን አሳየን! ጣቢያው (መተግበሪያው የቤታችንን ሶላር በሙሉ የሚጠራበት ስም ነው) የተመዘገበው ከእኛ 5 ሰዓት በሚቀድመው በቻይና ሰዓት ኖሯል፤ በቅንብሩ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) በ3 ሰዓት ወደሚቀድመው ስንመልሰው ፀሐይም ወደ ቀትሯ ተመለሰች።

ከሁሉ ያስከፋኝ ግን የገጠመልን ባለሙያ ጣቢያውን በራሱ አካውንት አስመዝግቦ እኛን በእንግድነት ማስገባቱ ነው። ቅንብር ለመቀየር እርሱን መለመን ነበረብን፤ ባለቤትነቱን ያዛወረልንም ከሦስተኛው ስልክ በኋላ ነው። የዶንግሏ የራሷ ዋይፋይም ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ተትቶ ስለነበር በአጥራችን አጠገብ የቆመ ማንም ሰው ሊገባበት ይችል ነበር፤ እኔው ቆለፍኩት።

ዕቃውን ለሚገዛ ሰው አሁንም ግዛ እላለሁ። ቀሪው ክፍያ ግን ባለሙያው ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ጣቢያውን በገዢው ስልክ ቁጥር አስመዝግቦና የመጀመሪያውን ንባብ እዚያው አሳይቶ ሲጨርስ ቢከፈል ይሻላል፤ እኛ ሙሉውን የከፈልነው ገና መሰላሉ ከግድግዳው ሳይነሳ ነው።